ቅልጥሜ ሲመታ እግሬ እምቢ ይለኛል፤ ሕመምን እንዴት ቻላችሁት?

ጅሬን_ልጅ

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ጅማ ውስጥ ኪክቦክሲንግ የምሠራ ወጣት ነኝ። ፊቴን ቢያገኙኝ አልደነግጥም፤ አፍንጫዬ ቢደማም ዙሩን እጨርሳለሁ። የሚያሸንፈኝ ቅልጥሜ ነው። እርግጫዬን በጉልበቱ የሚመክት ልጅ ከገጠመኝ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እግሬን ማንሣት ያቅተኛል። ልርገጥ ብዬ አስባለሁ፣ እግሬ ግን መሬቱን አይለቅም። በጎኔ በኩል ቡጢ ሲገባማ የባሰ ነው፤ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ምክር ሞልቷል። አንዱ «ማታ ማታ ቅልጥምህን በጠርሙስ እሸው፣ ነርቩ ይሞትልሃል» ይላል። ሌላው በዱላ ቀስ እያልህ ደብድበው ይላል። ከስፓሪንግ (ከልምምድ ፍልሚያ) በፊት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ የሚውጡ አሉ። ጫት ቅመው የሚገቡም አሉ፤ ጅማ ተቀምጬ ይህን ልደብቅ አልችልም። በቡጢም በእርግጫም ያለፋችሁ ሰዎች እንዴት ቻላችሁት? ይለመዳል ወይስ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው?

ጋሽ_ጓንት

ጠርሙሱን ለባለቤቱ መልስ፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እኔ ቦክስ የጀመርሁት አንድ ጥንድ ጓንት ለአራት ሰው በሚደርስበት ዘመን ነው፤ ዛሬም ልጆች አሠለጥናለሁ። አዲስ ልጅ አፍንጫውን ሲመታ ዐይኑ እንባ ይሞላል፣ እጁ ይወርዳል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ዓመት ከሠራ በኋላ ያንኑ ቡጢ እዚያው ቦታ ቢቀበል ዐይኑ አሁንም እንባ ይሞላል፤ እንባውን የሚያስቀር ሥልጠና እስካሁን አላየሁም። እጁ ግን አይወርድም። ይህ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከሁለት ሦስት ትንፋሽ በኋላም እንደሚያልፍ ያውቃላ! ድንጋጤው ከወጣለት ከሕመሙ ብዙው አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ የማሠራቸው እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ሆድና ጎን ብቻ ይመታል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ በመዳፍ፣ ቀጥሎ በትልቅ ጓንት በቀስታ፣ በወራት ውስጥ ጠንከር እያለ ይሄዳል። ተቀባዩ ቡጢው ሲያርፍ አጠር አድርጎ አየር ያወጣል፣ ሆዱን ያጠብቃል። ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ልጅ ይጎዳል። ፊቱን ያጨማደደ ልጅ ካየሁ ደግሞ ልምምዱን አስቆማለሁ፤ የት እንዳመመው ለተጋጣሚው እየነገረ ነውና።

መቻልን ማየት ከፈለግህ መሐመድ አሊ አለልህ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሳን ዲዬጎ ላይ ከኬን ኖርተን ጋር ሲጋጠም መንጋጋው ተሰብሮ 12ኛውን ዙር ጨርሶ ወረደ። በዳኞች ድምፅ ተሸነፈ፣ ከዚያ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄደ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ተመልሶ ኖርተንን አሸነፈ። ሰው ይህን ሲተርክ ደስ ይለዋል። እኔ ጥጉ ላይ ብሆን ኖሮ ግን ፍልሚያውን ለማስቆም ፎጣውን ወርውሬ ነበር፤ አሊም ዕድሜ ልኩን ይቀየመኝ ነበር።

የቦንጋ_መንገደኛ

ጋሼ፣ ይቅርታዎን እና ይህ የከተማ ልጅ ጨዋታ ነው። እኔ ለሥራ ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን፣ አንዳንዴም አልፌ ወደ ሱርማ እመላለሳለሁ። የሱርማ ወጣቶችን የዱላ ፍልሚያ፣ ዶንጋን፣ አይቻለሁ። ቁመታቸውን የሚበልጥ ዱላ ይዘው ይገጥማሉ፤ ዱላው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ተመትቶ ደሙን ሳይጠርግ ከጓደኞቹ ጋር የሚዘፍን ልጅ አይቻለሁ። ማን አስተማረው? ከልጅነቱ ጀምሮ መመታት ነው መድኃኒቱ። እኛ ተለሳልሰን ነው። ጅሬን_ልጅ፣ ቅልጥምህን ደብድበው፣ ይደነድናል፤ ሌላው ወሬ ነው።

ቀይ_ቀበቶ

ወንድሜ መንገደኛ፣ ያየኸውን አልክድም፤ ከዱላው ዙሪያ ያለውን ግን ትተኸዋል። ዶንጋ ሕግ አለው፤ ዳኛ አለው፣ የወደቀን መምታት ክልክል ነው፣ ገድሎ መገኘት ዕዳ ነው። ዙሪያውን መንደሩ ቆሟል፣ ልጃገረዶቹ ያያሉ፣ ጓደኞቹ ስሙን ይጠራሉ። ያንኑ ልጅ በሌሊት ብቻውን መንገድ ላይ ሰው በዚያው ዱላ ቢመታው ይዘፍን ይመስልሃል?

ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ውስጥ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲጠይቅ፣ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሕመም ማስታገሻ አልፈልግም አሉት። ቁስሉ ከባድ ነበር። ለእነርሱ ግን ቁስሉ ማለት ከጦር ሜዳ በሕይወት ወጥቶ ወደ ቤት መሄድ ነበር። በሰላም ጊዜ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሲቪሎች አብዛኞቹ ማስታገሻ ጠይቀዋል።

የኦክስፎርድ ቀዛፊዎች ላይ የተደረገም ጥናት አለ። ያንኑ ያህል ቀዝፈው፣ በቡድን ሆነው በሠሩ ጊዜ ብቻቸውን ከሠሩበት ይልቅ ሕመም የሚሰማቸው ዘግይቶ ሆነ። ስለዚህ ጅሬን_ልጅ፣ ማታ ቤትህ ተቀምጠህ ብቻህን ቅልጥምህን ከምታሽ፣ አምነህ ከምትመታውና አምኖ ከሚመታህ ልጅ ጋር ሥራ።

እኔ ቴኳንዶ ነው የምሠራው። ስጀምር «ሴት ልጅ አንድ እርግጫ ስትቀምስ ቤቷ ትገባለች» ይሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ አብዛኞቹ ራሳቸው ቤታቸው ገብተዋል። እግሬን ሲያመኝ ስለ እግሬ ማሰብ አቆማለሁ ብል ዋሸሁ፤ አይቻልም። የምችለው ለራሴ አጭር ትእዛዝ መስጠት ነው፦ «እጅ ወደ ላይ»፣ «ወደ ግራ»፣ «አሁን»። አእምሮ ሥራ ከተሰጠው ለማማረር ጊዜ አያገኝም። «ብሰበርስ? ቀኑ ሁሉ ተበላሸ» የሚል ሐሳብ ከጀመረ ግን ያው ምት ይተልቃል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰዎች እጃቸውን በረዶ ውኃ ውስጥ እንዲያቆዩ አድርገው ነበር። የተሳደቡት ካልተሳደቡት ረዘም አድርገው ቆዩ። ማስተሬ ፊት ልትሞክሩት አትችሉም እንጂ ይሠራል። እኛ በስድብ ፈንታ እንጮኻለን።

ፊዚዮ_ሄርማታ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ከተማችን ውስጥ እግራቸውን ይዘው ከሚመጡ ኳስ ተጫዋቾችና ተፋላሚዎች ጋር ነው ውሎዬ። ጋሽ_ጓንት በዐይናቸው ያዩትን ሳይንሱም ይደግፈዋል።

ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ ምቱ «አመመኝ» የሚያሰኝበት መነሻ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ምን ያህል ትቆያለህ የሚለው ነው። በስፖርተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ሁለተኛው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ተራ ጤነኛ ሰዎችን ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ 30 ደቂቃ ብስክሌት አስነድቶ ነበር። ሲጨርሱ ሕመም የሚጀምርበት ነጥብ አልተለወጠም፤ የመቆየት አቅማቸው ግን ጨመረ። ማንም አልደበደባቸውም፤ የለመዱት ድካሙን፣ የጡንቻ መቃጠሉንና የትንፋሽ ማጠሩን ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት በሳምንት ሦስት ቀን ብትሮጠው ከጠርሙሱ የተሻለ ይጠቅምሃል።

አሁን ስለ ቅልጥም። የቅልጥም አጥንት ፊቱ በቆዳ ብቻ ነው የተሸፈነው፤ ጡንቻ የለበትም። የአጥንቱ ሽፋን ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው። ለዚህ ነው የአልጋ ጠርዝ እንኳ የሚያስጮኸን። አጥንት ግን ሕያው ነገር ነው፤ ጫና ሲበዛበት ራሱን ያጠነክራል። ይህን የጀርመኑ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎታል። የሙዋይ ታይ (የታይላንድ የቡጢና የእርግጫ ፍልሚያ) ተፋላሚዎች ቅልጥም የሚጠነክረው ከባድ ከረጢትን ለዓመታት በመርገጥ ነው፤ ጫናው ሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ በመሀል ዕረፍት አለ። ጠርሙስና ዱላ ጫናውን አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ይሰበስቡታል። ውጤቱ የበለዘ ቆዳና ያበጠ የአጥንት ሽፋን ነው፤ ሲብስ ስንጥቅ ይመጣል። «ነርቩ ይሞታል» የሚለውን እርሳው። ነርቩ ቢሞት ኖሮ እግርህ ሲሰነጠቅም አትሰማም ነበር፤ ያ ደግሞ አደጋ እንጂ ትርፍ አይደለም።

የጠነከረ ቅልጥምም ይሰበራል። የቅይጥ ፍልሚያ (MMA) ተፋላሚው አንደርሰን ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ላይ እርግጫው በክሪስ ዋይድማን ጉልበት ሲመከት እግሩ ሁለት ሆነ። ዋይድማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 በተመሳሳይ ሁኔታ የራሱን እግር ሰበረ። ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መፍትሔው ግማሹ ቴክኒክ ነው፦ ተጋጣሚው ጉልበቱን ለማንሣት ጊዜ እንዳያገኝ መጀመሪያ በእጅ አሳስበው፣ እግሩ ላይ ክብደት ሲጥል ያኔ ርገጥ።

ሕመም በር ላይ እንዳለ ውሻ ነው። ላለፈ ላገደመው ሁሉ እንዳይጮኽ ልታስለምደው ትችላለህ፤ ከገደልኸው ግን ሌባ ሲመጣ የሚነግርህ የለም።

ጥቁር_ቡና

መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ነኝ፤ ስለ ዲክሎፌናኩ እኔ ልናገር። ልጆቹ ከስፓሪንግ በፊት መጥተው ሲጠይቁኝ እምቢ ስል ጨካኝ ይሉኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደምን መርጋት ያዘገያሉ፣ ጨጓራን ይጎዳሉ፣ ሰውነት ውኃ ባጣ ጊዜ ደግሞ ለኩላሊት ከባድ ናቸው። ተፋላሚ ለክብደት ሲል ውኃ ትቶ፣ ልብስ ደራርቦ ሮጦ፣ በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ ከዋጠ ኩላሊቱን በሁለት በኩል አስጨነቀው። አስፕሪንማ ጭንቅላቱ ለሚመታ ሰው አይታሰብም። ትራማዶልን፣ ያን ጠንካራ ማስታገሻ፣ የሚያስብ ካለ ደግሞ የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በውድድር ጊዜ ከልክሎታል። ሱስም ያስይዛል።

ጫትም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን አነቃቂ ተብለው በውድድር ጊዜ የታገዱ ናቸው፤ ካቲን በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥሰት ነው። ይህን የማያውቅ የጅማ ልጅ አንድ ቀን ትልቅ ውድድር ደርሶ በሽንቱ ይወድቃል ብዬ እሰጋለሁ። ጫት ድካምን ይሸፍናል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሕመም ይበረታበታል። ለአንድ ሰዓት ድፍረት የነገውን ስሜት ትከፍላለህ።

የቦንጋ_መንገደኛ

ጫቱን ተቀብያለሁ። ግን ወገኖቼ፣ ሁሉን ነገር ወደ ክሊኒክ አታድርጉት። እኛ ሰፈር የታወቁ ወጌሻ አሉ፤ ጎድኑ የተጎዳ ልጅ በሁለት ቀን እየሣቀ ነው የሚወጣው። አጥብቀው ያስሩታል፣ ያርፋል፣ ይድናል።

ፊዚዮ_ሄርማታ

ወጌሻን አልንቅም። እጃቸው ወርቅ የሆነ አውቃለሁ። ማሰሩ ላይ ግን እንለያያለን።

የተሰነጠቀ ጎድን ደረት ዙሪያ ተጠፍሮ ሲታሰር ልጁ በደንብ አይተነፍስም፣ አያስልም፤ ሳንባው ሥር አክታ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ያስከትላል። ጎድን በራሱ ጊዜ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ይድናል፤ የሚያስፈልገው ሕመሙን አስታግሶ በጥልቀት መተንፈስ ነው። እግር ላይ ደግሞ የባሰ ነው። የተመታ እግር በውስጡ ያብጣል። በቀርከሃና በጨርቅ ተጠፍሮ ከታሰረ ደም ወደ ታች አይደርስም። በአገራችን በዚህ ምክንያት እግራቸው ተቆርጦ የቀሩ ልጆች በሐኪም ቤቶች የታወቁ ናቸው። ከተመታህ በኋላ እግርህ እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ጣትህን ወደ ላይ ሲስቡት የማይቻል ሕመም ከተሰማህ፣ ከደነዘዘህ፣ ያን ሌሊት ማደር የለም። ያኔ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል።

ጅሬን_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱ ቀርቷል። ጋሽ_ጓንት፣ የጎኔንስ ነገር? በሆዴ ጠንካራ ነኝ፤ በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ሲገባ ግን ምንም ላደርገው አልቻልሁም። ለአፍታ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ከዚያ እወድቃለሁ። አሰልጣኜ «ፈሪ ነህ» ይለኛል።

ጋሽ_ጓንት

ፈሪ አይደለህም፤ ጉበትህ ነው። አሰልጣኝህ ይህን ካላወቀ ያሳዝናል።

ጉበት በቀኝ በኩል፣ ከታችኞቹ ጎድኖች ሥር ነው ያለው። የግራ ቡጢ ከታች ወደ ላይ ሲገባ ያገኘዋል። ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ እግር ይከዳል። ያ አንድ አፍታ ዘግይቶ የመውደቁ ነገር ሁሉንም የሚያጋጥም ነው። ኦስካር ዴ ላ ሆያን የሚያህል ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ2004 በ9ኛው ዙር በርናርድ ሆፕኪንስ ጎኑን ሲያገኘው ተንበርክኮ መሬቱን እየደበደበ አሥር ተቆጠረበት። እርሱን ፈሪ የሚለው ካለ ይምጣ። ጉበትን የሚያጠነክር ልምምድ የለም። ያለው የቀኝ ክርን ነው፦ ከጎድንህ አይራቅ። ቀኝ እጅህን ስትልክ ቀጥ አድርገህ ላከው፣ ቀጥ አድርገህ መልሰው፤ በደከመህ ጊዜ ዝቅ እያለና እየተንሳፈፈ የሚመለስ ከሆነ ጎንህ ክፍት ነው። ብዙ ሰው በመጨረሻ ዙሮች በጉበት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ከሆድ መሀል ከደረት ሥር የሚገባው ሌላ ነው። እርሱ ትንፋሽ ያቋርጣል፣ ያስደነግጣል፣ ግን ያልፋል። ጎንበስ በል፣ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ለመሳብ ሞክር፣ አትደናገጥ።

ቀይ_ቀበቶ

ጋሼ፣ ጭንቅላትን ማንም አላነሣም። ልጆቹ ሁሉ «ራሴን አላመመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» ይላሉ።

ፊዚዮ_ሄርማታ

ጥሩ አነሣሽው፤ እኔም ረስቼው አልነበረም፣ ጊዜ አጥቼ ነው።

የአንጎል ሥጋ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። ሐኪሞች ሰውየው ነቅቶ እያወራ አንጎሉን መቅደድ የሚችሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከጭንቅላት ምት በኋላ «አላመመኝም» ማለት ምንም አይነግረንም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የትኛው ዙር ላይ ነን? ምሳ ምን በላህ? መብራት ያስጨንቅሃል? ያቅለሸልሽሃል? ከእነዚህ አንዱ ከተናጋ ልምምዱ በዚያ ቀን አበቃ። በአማተር ቦክስ ሕግ በጭንቅላት ምት የተዘረረ ሰው ቢያንስ 30 ቀን ስፓሪንግም ውድድርም ይከለከላል፤ በተደጋጋሚ ከሆነ ወደ ወራትና ወደ ዓመት ያድጋል። ዳኛ በሌለበት ጂም ውስጥ የወደቀም ያው ሰው ነው፣ አንጎሉ መዝገብ አያይም። ቀድሞ የተናጋ አንጎል ሳይድን ሁለተኛ ቢመታ ሊገድል ይችላል፤ በተለይ ወጣቶችን።

ጋሽ_ጓንት

ይህን ሕግ የማይጠብቅ አሰልጣኝ ካያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በእኛ ጊዜ «ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ ይነሣል» ይባል ነበር። የተነሡትን እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ሰላምታ ስትሰጣቸው ስምህን ይፈልጉታል።

ጅሬን_ልጅ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ፊዚዮ፣ ቅልጥሜ ላይ በጣት ስነካው አንዲት ቦታ ብቻ ለይታ ታመኛለች። ሰሞኑን ሌሊትም ተኝቼ ይጠዘጥዘኛል። ይህም የሚለመደው ዓይነት ነው?

ፊዚዮ_ሄርማታ

አይደለም። የተበተነ ሕመም፣ ስትሞቅ የሚቀንስ፣ በቀናት ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ የልምምድ ነው። አንዲት ነጥብ ላይ የቆመ፣ ስትሮጥ የሚጨምር፣ ተኝተህም የሚጠዘጥዝ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ነገ ሐኪም ዘንድ ሂድና ራጅ ተነሣ። ራጁ ንጹሕ ነው ቢሉህ ወዲያው አትመለስ፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። እስኪጣራ ድረስ ሩጫም እርግጫም የለም።

ጅሬን_ልጅ

እሺ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ግን የከተማው ውድድር ቀርቧል፣ ሳልሠራ ብቀመጥ ትንፋሼ ይጠፋል።

ጋሽ_ጓንት

ውድድሩ በየዓመቱ ይመጣል። ማን ተቀመጥ አለህ? ከረጢቱ ፊት ወንበር አስቀምጥ፣ ተቀምጠህ በሁለት እጅህ ሦስት ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ምታ። እግር ሳይረዳህ ስትመታ ትከሻህ እንዴት እንደሚቃጠል ታያለህ። ቀኝ ክርንህን ደግሞ ከጎድንህ አታርቅ፤ መጥቼ አይሃለሁ።